በንጋት ሐይቅ ዳር የምትወልድ እናት

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከተላለፈ ንግግር የተወሰደ)



   

ዛሬ ወደ ጉባ እንወስዳችኋለን። ጉባ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ግድቡን ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። በ2012 ክረምት ውኃ መያዝ ጀመረ። የካቲት 13 ቀን 2014 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ደግሞ ተመረቀ። ንጋት የተባለው ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ስለ ኃይሉና ስለ ዓባይ ፖለቲካ ብዙ ተብሏል፣ ወደፊትም ይባላል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሐይቅ ዙሪያና በመላው የመተከል ቆላ ስለምትኖር ነፍሰ ጡር፣ በጀርባዋም ስላዘለችው ሕፃን ነው።

ለመሆኑ ሐይቅና ነፍሰ ጡር ምን አገናኛቸው? የሚያገናኛቸው ወባ ነው።

ጉባ ሞቃት ቆላ ነው። ከወረዳዋ ከተማ ከማንኩሽ ጀምሮ እስከ ሱዳን ድንበር ድረስ ያለው አገር ወባን የሚያውቃት ዛሬ አይደለም፤ ግድቡ ከመታሰቡ በፊትም አብራው ኖራለች። ጉሙዙም፣ በርታውም፣ ሺናሻውም፣ አገውም፣ አማራውም፣ ኦሮሞውም በክልሉ ሲኖር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለትን እንደ ዝናቡ ወቅት የተለመደ ነገር አድርጎ ይቆጥረዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሰው የለመደውን ነገር አይቆጥረውም፤ ያልቆጠረውን ደግሞ አይጠነቀቀውም።

የሚቆጥሩ ሰዎች ግን አሉ። በአገራችን በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄድ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ አለ። ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየሄዱ እናቶችን «ስንት ልጅ ወለድሽ? ስንቱስ በሕይወት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን የእናት እንባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው ዳሰሳ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 169ኙ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር ታወቀ። ይህ ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ከስድስት ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ዳሰሳ ቁጥሩ ወደ 98 ወረደ። አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት የአገሪቱ አማካይ 67፣ የአዲስ አበባው ደግሞ 39 ነበር። እንግዲህ የአሶሳና የመተከል ሕፃን ከአዲስ አበባው ሕፃን ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ ለሞት የቀረበ ነበር ማለት ነው።

ስለ እናቶችም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞቱ እንደነበር ተገመተ። በ2016 ወደ 412 ወርዷል። መውረዱ ደስ ያሰኛል። የቀረውም እያንዳንዱ ቁጥር የአንዲት ሴት ነፍስ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣

አሁን ወደ ሐይቁ እንመለስ። ጉባ ትልቅ ሐይቅ በአጠገቡ ሲፈጠር ያየ የመጀመሪያው አገር አይደለም። በአገራችን ሌሎች ግድቦች አሉ፤ ተመራማሪዎችም በዙሪያቸው የሚኖሩ ሰዎችን አጥንተዋል። ከዚያ የምንማረው ብዙ ነገር አለ።

የመጀመሪያው ጥናት የትግራይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በክልሉ ለመስኖ ብዙ ትናንሽ ግድቦች ተሠሩ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ድርቅ ያደቀቀውን ገበሬ ውኃ ለማጠጣት ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶ/ር ቴድሮስ አድኖምና ባልደረቦቻቸው በግድቦቹ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናትን ከግድብ ርቀው ከሚኖሩ ሕፃናት ጋር አነጻጸሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከግድብ በራቁት መንደሮች 1,000 ሕፃናት በአንድ ወር ውስጥ 1.9 ጊዜ በወባ ሲታመሙ፣ በግድብ አጠገብ ያሉት ግን 14 ጊዜ ይታመሙ ነበር። ሰባት እጥፍ ማለት ነው!

ሁለተኛው የቆቃ ነው። የቆቃ ግድብ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከአርባ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ እንኳ ተመራማሪዎች መዝገብ ሲያገላብጡ፣ ከሐይቁ ዳር እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ባሉ መንደሮች ወባ ከራቁት መንደሮች እጅግ በዝታ አገኟት። ሦስተኛው በጅማ አካባቢ ያለው የግልገል ጊቤ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ መንደሮች የሚኖሩ ሕፃናት ለወባ ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው እንዳገኛቸው ገልጿል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ እንቁላሏን ማዕበል በሚመታው ጥልቅ ውኃ ውስጥ አትጥልም። የምትወደው የረጋ፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ሐይቅ በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይሸሻል። ሲሸሽ በዳር ዳሩ ኩሬ፣ ረግረግ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ሁሉ ውኃ ቋጥሮ ይቀራል። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ እስክትበር በቆላ ሙቀት አሥር ቀን ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ቀድሞ ዝናብ ሲያቆም ወባም ጋብ ትል በነበረበት ወር፣ ሐይቅ ባለበት አገር መራባቷን ልትቀጥል ትችላለች።

ይህን ስንል ሐይቁ መርገም ነው ማለታችን አይደለም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ውኃ ኒዕማ ነው። በትግራይም ሆነ በቆቃ የሆነው ሁሉ በጉባም የግድ ይደገማል ማለታችንም አይደለም። ከሌላው የተማረ ሰው ግን አስቀድሞ ይዘጋጃል። ወቅቱም መዘናጋትን የሚፈቅድ አይደለም። ለዓመታት ስትቀንስ የቆየችው ወባ በአገራችን መልሳ አገርሽታለች። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የታመሙ ሲሆን፣ በ2024 እስከ ጥቅምት ወር አጋማሽ ድረስ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መታመማቸውንና ከ1,100 በላይ መሞታቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። በመተከል ዞን ደግሞ በ2012 እና በ2013 በከፋው ግጭት ብዙ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው አጎበሩን ይዞ አይሸሽም፤ የእርግዝና ክትትል ካርዱንም እንዲሁ።

ውድ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣

ወባ ሁሉን ትጎዳለች። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ግን ልዩ ጠላት ናት። ይህን በሚገባ ብናስተውለው መልካም ነው።

ነፍሰ ጡር ሴት በወባ ስትያዝ ተውሳኩ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ይከማቻል። እንግዴ ልጅ ፅንሱ ከእናቱ ምግብና አየር የሚያገኝበት ነው። ተውሳኩ እዚያ ሲሰፍር የልጁን ስንቅ ይሻማል። በዚህ ምክንያት ልጁ ክብደቱ ሳይሞላ ይወለዳል፣ ያለ ጊዜው ይወለዳል፣ ወይም ሞቶ ይወለዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እናቲቱ ምንም ትኩሳት ሳይሰማት ይህ ሊሆን መቻሉ ነው። ቆላ ውስጥ ያደገች ሴት ሰውነቷ በሽታውን ስለለመደ አልጋ ላይ አትወድቅም። እየሠራች፣ ውኃ እየቀዳች፣ እንጨት እየለቀመች በውስጧ ግን ወባ ተሸክማለች። በዚሁ ክልል በአሶሳ ዞን በሸርቆሌ ወረዳ በነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ከአሥሩ አንዷ ያህል በደሟ ውስጥ ወባ እንደተገኘ ይናገራል።

ሌላም አለ። ወባ ቀይ የደም ሕዋስን ትበላለች። ደም ያነሳት እናት ምጥ ሲመጣባት ምን ይሆናል? ማንኛዋም ሴት ስትወልድ ደም ይፈሳታል። ጤነኛዋ ትቋቋመዋለች። ወባ ለወራት ደሟን የመጠጠቻት ግን ለሌላዋ ቀላል የሆነው መድማት ለእርሷ የሞት ምክንያት ይሆንባታል። ሰው ሲያወራ «በወሊድ ሞተች» ይላል። እውነቱ ግን ሞቷ የጀመረው ከወራት በፊት፣ ያለ አጎበር በተኛችበት ሌሊት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ወሊድ ልማዳችን እንድንናገር ግድ ይለናል። ከጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድ ከጥንት የወረደ ልማድ አለ። ምጥ የያዛት ሴት ከቤት ወጥታ ጫካ ወይም ወንዝ ዳር ሄዳ ብቻዋን ትገላገላለች፤ የወሊድ ደም በቤት ውስጥ ቢፈስ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ይታመናልና። ይህን የምናነሳው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላው ኢትዮጵያ ከወሊዶች ውስጥ በጤና ተቋም የተከናወኑት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 በመቶ ደርሰዋል። ስለዚህ ያለ ባለሙያ መውለድ የአንድ ብሔረሰብ ችግር ሳይሆን የሁላችንም ነው። ልማዱንም ለመለወጥ የሚጥሩት ከራሱ ከማኅበረሰቡ የወጡ ሴቶች ናቸው፤ ልናግዛቸው ይገባል።

ሙስሊሞች የሆንን ደግሞ ይህን እናስተውል። በኢስላም የወሊድ ደም ያለባት ሴት ከሰላትና ከጾም ታርፋለች እንጂ ከሰው አትገለልም። አብራ ትበላለች፣ አብራ ትኖራለች። የመርየምን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውሱ። በተምር ዛፍ ሥር ብቻዋን ምጥ በያዛት ጊዜ አላህ (ሱ.ወ) ያለ ማጽናኛ፣ ያለ ምግብና ያለ ውኃ አልተዋትም። ታዲያ እኛ እህቶቻችንን እንዴት ብቻቸውን እንተዋቸዋለን?

አንዳንዱ ሰው «ሞትና ሕይወት በአላህ እጅ ነው፤ ቀደር ከሆነ ምን ይደረጋል?» ይላል። አዎ፣ በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ ሊል ስለነበረው ሰው የተነገረውን ትምህርት ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ ማሰር፣ ከዚያ መመካት ነው። አጎበር መዘርጋት ግመል ማሰር ነው። ነፍስን መጠበቅም ሸሪዓችን ከቆመላቸው ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አጎበር። በቤት ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ ለማን ይዘርጋ? በብዙ ቤት አባወራው ይተኛበታል፤ ወይም እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳው ይዘረጋል። ይህ መልካም አስተናጋጅነት ይመስላል፤ ግን ቅድሚያው ለነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ነው። ዳሩ ከፍራሹ ሥር ይታጠፍ፤ ቀዳዳው ይሰፋ። በሐይቁ ዓሣ የምታጠምዱ ወንድሞቻችን ሆይ፣ አጎበር መረብ አይደለም። መድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ገና ያላደጉትን ዓሦች ጠራርጎ ያወጣል፤ ልጃችሁንም ያለ መከለያ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ። በቤታችሁና በመስጂዳችሁ ዙሪያ ያለውን በየሳምንቱ ድፈኑ ወይም አፍስሱ። ትንኝ ለመብረር አሥር ቀን ገደማ ከፈለገች፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሠራ ጀመዓ ይቀድማታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ትኩሳት። ሕፃን ካተኮሰ፣ ነፍሰ ጡር ካተኮሳት ወይም ከደከማት፣ 24 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይወሰዱ። በ1995 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ባለሙያዎች ጣት ወግተው በደቂቃዎች ውስጥ ወባ መሆኑን ያውቃሉ። ነፍሰ ጡሯ ስንት ወሯ እንደሆነ ትንገራቸው፤ አንዳንዱ የወባ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሰጥምና። የጎረቤት ትራፊ እንክብል አትዋጥ። ሕፃን ካንቀጠቀጠው፣ ጡት እንቢ ካለ ወይም ራሱን ከሳተ ነገ አይባልም።

አራተኛ፣ ረመዳን። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ለሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት በኋላ ነው፤ ሁሉም ወተትን ከመሰለ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢወሰድ በደንብ ይሠራል። አንዳንዱ ጾሜን አላፈርስም ብሎ መድኃኒቱን ያዛባል። ለታመመ ሰው አላህ ሩኽሳ ሰጥቶታል፤ ሌላ ጊዜ ይከፍላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባም ለራሷ ወይም ለልጇ ከፈራች እንዲሁ ተፈቅዶላታል። የአላህን ስጦታ መቀበል የኢማን ድክመት አይደለም።

አምስተኛ፣ ወሊድ። እርግዝናው እንደታወቀ ክትትል ይጀመር፤ ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን እንክብል ይወሰድ። ቤታችሁ ከጤና ጣቢያ የራቀ ከሆነ ቀኗ ሲደርስ ቀድማ ሄዳ እናቶች ማቆያ ትቀመጥ። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ፣ መኪና ሲጠፋ፣ ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ልጁ እንደተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ወፍራሙን ቢጫ እንገር አትድፉት፤ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት እንደማለት ነው።

ባሎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሴት ጉዳይ አይደለም። የመጓጓዣውን ገንዘብ የያዛችሁት፣ «ሂጂ» ወይም «ቆይ» የምትሉት እናንተ ናችሁ። «ቆይ» የሚለው ቃል ብዙ ሴት ገድሏል። ሚስት አማና ናት፤ በአማና ደግሞ እንጠየቃለን።

ኢማሞቻችንና የአገር ሽማግሌዎቻችን፣ በጁሙዓ ኹጥባችሁ ስለ ሰላትና ስለ ዘካ እንደምታስተምሩ ሁሉ ስለ አጎበርም አንድ ቃል ጣሉ። የእናንተ አንድ ቃል ከመቶ ፖስተር ይበልጣል። ለሰሊጥና ለጥጥ እርሻ፣ ለወርቅ ቁፋሮ ከደጋ ሠራተኛ የምታመጡ ባለሀብቶችም፣ ያ ሰው ወባን የማያውቅ ሰውነት ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሜዳ ላይ ያለ አጎበር አታሳድሩት። ሳይታከም ወደ አገሩ ሲመለስ ደግሞ ወባውን ይዞ ይመለሳል።

የሚመለከታችሁ ባለሥልጣናትና ተመራማሪዎችም አንድ ነገር እናሳስባችኋለን። በቆቃ ዙሪያ ስለ ወባ በስፋት የተጠናው ግድቡ ከተሠራ ከአርባ ዓመታት በኋላ ነው። በንጋት ዙሪያ ግን ቆጠራው ከዛሬ ይጀምር። በየመንደሩ ስንት ሰው ታመመ፣ ስንት እናት ያለ ባለሙያ ወለደች፣ ስንት ሕፃን ሞተ ተብሎ በየወሩ ይመዝገብ። በሐይቁ ምክንያት ከቀያቸው ተነስተው በአዲስ መንደር የሰፈሩት ወገኖቻችን በቅድሚያ ይታዩ። የቆቃ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ የግድቡን ውኃ በፍጥነት ዝቅ ማድረግ በሐይቁ ዳር የሚፈለፈለውን ትንኝ ይቀንሳል። ይህም በመሐንዲሱና በሐኪሙ መካከል ምክክር ያስፈልገዋል። ከጉባ የሚወጣው ብርሃን ሩቅ ከተማ ሲያበራ፣ የጉባ ጤና ኬላ በጨለማ ማዋለድ የለበትም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን አልቋል። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ አጎበሩ የት ነው? ማንስ ነው የሚተኛበት? በቤታችሁ ያለችው ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ከውጭ ከሆኑ፣ ዛሬውኑ ወደ ውስጥ አስገቧቸው።

አላህ ነፍሰ ጡሮቻችንን በሰላም ይገላግልልን። የታመሙትን ያሽርልን፤ በወሊድ ያለፉትን እህቶቻችንን ሸሂድ አድርጎ ይቀበልልን። ለጉባና ለመላው አገራችን ሰላም ያውርድልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።